አርብቶ አደሩን ስለ መርዳት



እኛ የከተማ ሰዎች ከብቱን ተከትሎ የሚኖረውን ሕዝብ ለረጅም ዘመን «ዘላን» ስንል ኖረናል። ስሙም መነሻና መድረሻ የሌለው፣ ነፋስ እንደ ወሰደው የሚሄድ ሰው ያስመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ወደ ቦረና የወረደ መንገደኛ ቱላ የሚባሉትን ጥልቅ የውሃ ጕድጓዶች ያያል፤ ከእነዚህም 30 ሜትር ያህል የሚጠልቁ አሉ። ጐበዛዝት ከታች እስከ ላይ ተሰልፈው፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚቈጣጠረው «አባ ሄሬጋ» የሚባለው የውሃ ተራ ዳኛ ነው። በዝናም ወራት መንጋው ወደ ሩቅ መስክ ይነዳል፤ ይህም በጕድጓዶቹ ዙሪያ ያለው ሣር ለበጋ እንዲቈይ ነው። ይህ ሥርዓት እንጂ መንከራተት ሊባል አይገባውም።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በዚያው በዝናም ወራት መስክ ላይ ለልማት ተብሎ በመኪና ኃይል ኩሬዎች ተቈፈሩ። አሳቡ በጎ ነበር። ነገር ግን ውሃው መንጋውን ከወቅቱ አሳልፎ ስላቈየው፣ ማረፍ የሚገባው ሣር ሳያርፍ ቀረ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንዲሉ፣ ጥፋቱ የኩሬው ሳይሆን የአገሬውን ሥርዓት ከቍጥር አለማስገባት ነው።

በአንጻሩ በ1998 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ፣ የሕፃናት አድን ድርጅት ከመንግሥት ጋር ሆኖ በሞያሌ አካባቢ ነጋዴዎችን ከአርብቶ አደሮች ጋር አገናኘ። 20,000 ያህል ከብትም ሳይሞት ተሸጠ። ባለከብቱ በገንዘቡ ለቤተ ሰቡ እህል፣ ለቀሩት ላሞች መኖ ገዛ። ድርጅቱ መንገድ ከፈተ እንጂ በባለቤቱ ቦታ አልቆመም።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ሲከዱ ግን ብዙ ቤተ ሰብ መንጋውን አጥቶ በዱብሉቅ ከመጠለያ ገባ። ቦረናዎች ለእንዲህ ያለው መከራ «ቡሳ ጎኖፋ» የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ከብት ያለቀበትን ሰው ጎሣው አዋጥቶ እንደገና ያቋቁመዋል። ነገር ግን ድርቅ የሁሉንም በረት ባዶ ሲያደርግ ሰጪው ከየት አምጥቶ ይሰጣል? የበጎ አድራጎት ማኅበር ቦታው እዚህ ላይ ነው፤ ጎሣው በሚያዋጣው ላይ ጊደር መጨመር፣ ለማን እንደሚሰጥ ግን ለጎሣው ሽማግሌዎች መተው።

የተከበራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነጻ እንዲያገኝና ከመሬቱ እንዳይፈናቀል መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ ስለ አርብቶ አደር የተጻፈ ዕቅድ ከጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ፣ ከመፈረማችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ አባ ሄሬጋው ምን አሉ?