ሸክም የሚያርፍበት ቦታ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ አባላትና ደጋፊዎች በተገኙበት፣ ጥጥ ፈታይ የሆኑ አንዲት አባላችን ያደረጉት ንግግር)



ባለፈው ሳምንት ኮሚቴው ጠርቶኝ፣ «እንግዶች ሽሮ ሜዳ ሲመጡ የሐበሻ ልብስ ገዝተው ብቻ ይመለሳሉ፤ አንቺ የሰፈሩ ልጅ ነሽና የምትወጃቸውን ቦታዎች ንገሪያቸው» አለኝ። እኔ መድረክ ላይ መናገር አልለመድኩም። እጄ ላይ እንዝርት ከሌለ አፌም አይፈታም። ቢሆንም የተወለድኩበት፣ የተዳርኩበት፣ ልጆቼን ያሳደግሁበት ሰፈር ነውና እሺ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሦስተኛው አጀንዳ ላይ ድምፅ እንሰጣለን። ከዚያ በፊት የምለው ነገር ስላለኝም ነው እሺ ያልኩት።

መጀመሪያ የምነግራችሁ ቦታ ዛሬ የለም።

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወረድ፣ መንገዱ ከሚታጠፍባቸው ቦታዎች በአንዱ ላይ፣ በሴት ወገብ ልክ የሆነ የድንጋይ ግንብ ነበር። የፈረሰ አጥር ቅሪት ነው። እናቴ እንጨት ለቃሚ ነበረች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ትወጣለች፤ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰብስባ፣ በገመድ አስራ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ትወርዳለች። ትምህርት በሌለ ቀን እኔም ትንሽ እስር ይዤ እከተላታለሁ።

የተሸከመ ሰው ብቻ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ያን የሚያህል እስር በጀርባሽ ይዘሽ ደክሞሽ መሬት ላይ ከተቀመጥሽ፣ ብቻሽን አትነሺም። «አሸክሚኝ» ብለሽ ሌላ ሰው መለመን አለብሽ። ሁሉም ተሸክሟል፤ አሸካሚ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሴቶቹ ቁልቁለቱን ሙሉ ሳይቀመጡ ይወርዱ ነበር። ያ ግንብ ግን ልኩ ወገብ ስለነበረ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽ ሸክሙን ጫፉ ላይ ታሳርፊዋለሽ። ገመዱ ከደረትሽ ላይ ላላ ይላል፤ ትንፋሽሽ ይመለሳል። ሲበቃሽ ወገብሽን ጠበቅ አድርገሽ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ስትሄጂ፣ ሸክሙ ተመልሶ ጀርባሽ ላይ ነው። ማንንም አልለመንሽም።

እናቴ በመንገድ አታወራም። እዚያ ግንብ ጋ ስትደርስ ብቻ ታወራለች። ከተማው ከታች ጭሱን ለብሶ ተኝቶ እያየን፣ የትኛው ቤት ቅጠል በስንት እንደሚገዛ፣ የትኛው ቤት ዱቤ አድርጎ እንደሚያስቀር ትነግረኛለች። «ይህን ገመድ አንቺ አትወርሺም፤ ፈትል ትማሪያለሽ» ያለችኝም እዚያ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ግንቡ መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ። መንገዱ በመስፋቱ አልከፋም፤ አምቡላንስ ይወጣል፣ ታክሲም ዳገቱን ይደፍራል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ አንዲት ጎረቤቴ ገመዷን ጥላ እዚያ አትክልት ትንከባከባለች፤ ደመወዝ አላት። ነገር ግን ዛሬም ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። አሁን የሚያርፉት አስፋልቱ ዳር ቆመው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ነው። እንግዶቻችን ከመኪና ሆናችሁ አይታችኋቸው ይሆናል።

የእናቴ ቅጠል ከሚሄድባቸው ቦታዎች አንዱ ቀጨኔ ነበር። ሁለተኛው የምወደው ቦታ እሱ ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ ድስቱን በእጃቸው ነው የሚያበጁት። የሚሽከረከር መኪና የላቸውም። እሳት ሲገባ ጭሱ መንደሩን ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ጥቁሩና ቀዩ ጀበና ከአመድ ውስጥ ይወጣል። በልጅነቴ የሰፈሩ ሰው ጀበናቸውን እየገዛ እነሱን ግን «ቡዳ ናቸው» ይል ነበር። ውኃ የማያጠጣቸውም ነበር። እናቴ ቅጠሉን ስታደርስ እነሱ ቤት ገብታ ቡና ትጠጣለች፤ ጎረቤት ሲያማትም «እነሱ ናቸው በጊዜ የሚከፍሉኝ» ትላለች። ያ ወሬ ዛሬ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም፤ ከመካከላችን የሚያውቀው ያውቀዋል።

ጀበና ልትገዙ ከሄዳችሁ በጣታችሁ አንጓ መታ መታ አድርጉና አዳምጡ። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ቤት ወስዳችሁ ሳታሟሹ ቡና እንዳታፈሉበት።

አሁን ወደ ገበያው ልምጣ። ዋናው መንገድ ላይ ያሉትን ሱቆች ሁሉም ያውቃቸዋል፤ የተሰቀለው ቀሚስ ከሩቅ ይጠራል። እኔ የምወደው ከሱቆቹ ጀርባ ያለውን፣ ሸማኔዎቹ የሚሠሩበትን ጠባብ መንገድ ነው። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ፣ ወይም ከዚያ ከመጡ ወላጆች የተወለዱ ናቸው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ይቀመጣል፤ በእግሩ ይረግጣል፣ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል። በማለዳ በዚያ ስታልፉ ድምፁ ከየቤቱ እየተቀባበለ ይሰማል። ጆሮዬ ለምዶታልና ድምፁ ዘገየት ሲል ክር እንደተበጠሰ አውቃለሁ። የእኔ ክር እንዳይሆን ብዬ ልቤ ትር ይላል።

እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ሙያችን ሆነና እውነቱን ልናገር፤ ድሩ አሁን በብዛት የፋብሪካ ክር ነው። እኛ ሴቶች የምንፈትለው ማጉን ነው። ጥጡ ከፍሬው ይለያል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ልቃቂት ይሆናል። ከዚያ ሸማኔው ይረከበናል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ብዙ ማግ ይበላል፤ ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ክሩ ግን መቅጠን አለበት፤ እሱን የምትፈትል እጅ ጥቂት ናት። ጋቢ ስትገዙ ወደ ብርሃን ዘርጉት። ማጉ ትንሽ ወፈር ቀጠን ካለ የሴት እጅ ነው። አንድ ዓይነት ሆኖ ከታያችሁ የማሽን ክር ነው። ጥለቱ ላይ እጃችሁን አሳልፉ፤ የተሸመነ ከሆነ ይሻክራል፣ የታተመ ከሆነ ይንሸራተታል። ከውጭ በፋብሪካ ታትሞ የሚገባው «የሐበሻ ልብስ» ዋጋው ቀላል ነው፤ የገዛችውን ሴት አልወቅሳትም፤ ልጇን ለበዓል ማልበስ አለባት። ግን ሻጩ «የእጅ ነው» ብሎ ከሸጠላት አታሏታል።

ስድስት ኪሎን በአጭሩ ልበልና ልለፍ። የየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ የታክሲ ሰልፍ ሲረዝም፣ በዙሪያው የተቀረጹትን ምስሎች አያለሁ። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ወታደሮች በሦስት ቀን የፈጁት ሕዝብ መታሰቢያ ነው። ከማዶው ዩኒቨርሲቲው አለ፤ በውስጡ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆኗል። በዚያ በር ፊት ዕድሜዬን ሙሉ ሳልፍ የገባሁት ግን ማኅበራችን የጎልማሶች ትምህርት ስንጨርስ ሲወስደን ብቻ ነው። ደጁ ላይ ጣሊያን የሠራው ወደ ላይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት ነበር ይባላል። ኢትዮጵያውያን ከነፃነት በኋላ አናቱ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። ከኛ አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ «ደረጃውን አላፈረሱትም፤ ብቻ የሚቀመጥበት ሰው ሰጡት» አለች። እስከ ቤት ስቀን ገባን።

የመጨረሻው ቦታ የምንሠራበት ቤት በረንዳ ነው። ይህን ስል የምትስቁ እንዳላችሁ አያለሁ። ጣሪያው ያፈሳል፣ መጸዳጃው ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው፣ ክረምት ላይ ጥጣችን እርጥበት ይስባል። ሁሉም እውነት ነው። ግን ቤቱ ዳገት ላይ ስለተሠራ በረንዳው በመንገዱ በኩል ከፍ ብሎ፣ ልክ በሴት ወገብ ነው። በዚያ የሚያልፉ ተሸካሚዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ሸክማቸውን ያሳርፋሉ። እኛ ውስጥ ሆነን እንፈትላለን፤ ቡና ከተፈላ አንድ ስኒ እናቀብላለን። ከእኛ መካከል ዛሬ እዚህ የተቀመጡ አራት አባላት ማኅበሩን ያወቁት በዚያ መንገድ ነው። ማስታወቂያ አንብበው አልመጡም፤ ማንበብም አይችሉም ነበር። አንደኛዋ ሦስት ወር ሙሉ ስታርፍ ስታርፍ ከርማ፣ አንድ ቀን «ይህን ነገር ለእኔም ታሳዩኛላችሁ?» ብላ እንዝርቱን ጠየቀች። ባሌ የሞተ ጊዜ ከአርባው በኋላ ከቤት መውጣት አቅቶኝ ሳለ፣ መጀመሪያ የተቀመጥኩትም እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ማንም «አይዞሽ» አላለኝም፤ ጥጥ ሰጡኝ።

ቤቱ ለመልሶ ማልማት እንደሚነሣ ተነግሮናል። ኮሚቴው ሁለት አማራጭ አቅርቧል። አንደኛው ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሰፊ፣ ንጹሕ፣ መጸዳጃው የራሳችን፣ ኪራዩም የቀለለ። ሁለተኛው መንገድ ዳር ያለ ምድር ቤት ነው፤ ጠባብ ነው፣ ኪራዩም ይበልጣል። ሒሳብ ያዣችን ቁጥሩን አሳይታኛለች፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ እሷ ስለ ገንዘባችን ማሰቧ ሥራዋ ነው። ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወሩ አባሎቻችንም «ለእኛ ሁለቱም ሩቅ ነው፤ ቢያንስ ንጹሑን ምረጡ» ብለዋል፤ አልፈርድባቸውም፤ ሁለት ታክሲ ይዘው ነው የሚመጡት።

እኔ ግን ለምድር ቤቱ ነው ድምፄን የምሰጠው። ሸክም የያዘች ሴት ሦስት ፎቅ አትወጣም። ፎቅ ላይ ከወጣን ያሉትን ሠላሳ ስምንት አባላት ይዘን እንቀጥላለን፤ ሠላሳ ዘጠነኛዋ ግን እንዳለን ሳታውቅ ከታች ታልፋለች። ለልዩነቱ ከእያንዳንዷ ልቃቂት ሽያጭ ላይ ትንሽ ቢቆረጥ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ሌሎቻችሁም ምሳ ላይ ተመካከሩበት። ምድር ቤቱን ከመረጥን ደግሞ በሩ ላይ በወገብ ልክ የድንጋይ መደብ ይሠራ። ልኩን እኔ እሰጣለሁ፤ አናጺም ሆነ ግንበኛ ከመጀመሩ በፊት አንዲት ተሸካሚ ጠርቶ ጀርባዋን ያስለካ።

ደጋፊዎቻችን ባለፈው ዓመት ምን እንደሚያስፈልገን ጠይቃችሁን ነበር። ያኔ ኮምፒውተር አልን፤ መጥቷል፤ እናመሰግናለን። ዘንድሮ ብትጠይቁን ይህን መደብ እንላለን።

ከስብሰባው በኋላ መሄድ የሚፈልግ ካለ፣ ከሸማኔዎቹ መንገድ ተነሥተን ግንቡ ወደነበረበት መታጠፊያ በእግር እወስዳችኋለሁ። ተረከዝ ያለው ጫማ የለበሳችሁ አውልቃችሁ ነጠላ ጫማ ተበደሩ። ዳገት ነው፤ ቀስ ብለን እንወጣለን፤ ስንመለስ በረንዳው ላይ ቡና አለ።