አዲስ ስልክ ከመግዛት በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች



የእጅ ስልክ በቡታጅራ ገበያ ለመልእክት መለዋወጫ ብቻ ያገለግል የነበረበት ዘመን አልፏል። የማረቆን በርበሬ ሰብስቦ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ዋጋ የሚያጣራው በስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህም ገንዘብ የሚቀበለውና የሚከፍለው በዚያው ሆኗል። ስልኩ ሱቅም፣ ካዝናም፣ መዝገብም ስለሆነ የሚበላሽበት ቀን ንግዱ የሚቆምበት ቀን ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ መውጣቱ ይታወሳል። ስልኩም ሆነ መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ፣ ሳያመዛዝኑ መግዛት ከቀድሞው የከበደ ኪሳራ ያስከትላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ሊጤን የሚገባው የአዲስነት ትርጉም ነው። ካርቶኑ ያልተከፈተ ስልክ ሁሉ አዲስ አይደለም። አምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ የሚልክበት ዘመን የሚቆጠረው ሞዴሉ ለገበያ ከቀረበበት ቀን እንጂ ገዢው ከገዛበት ቀን አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ላወጣው ፒክስል 8፣ ሳምሰንግም በ2024 ላወጣው ጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። የብዙ ርካሽ ስልኮች ዘመን ግን ከዚህ እጅግ ያጠረ ነው። ሦስት ዓመት በመደርደሪያ ላይ የቆየ ስልክ ዘመኑን በካርቶኑ ውስጥ ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ማሻሻያው የተቋረጠበት ስልክ ለሌባ ይጋለጣል፤ ውሎ አድሮም የባንክ መተግበሪያ አልቀበልም ይለዋል።

ሁለተኛው ባትሪ ነው። የሊቲየም ባትሪ ሳይሠራበት ቢቀመጥም ያረጃል። ሲሠራበት ደግሞ ወደ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ከተሞላና ከተራገፈ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ግድም ይወርዳል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ የሚውል ሰው ከካሜራው ብዛት አስቀድሞ የባትሪውን መጠን ቢጠይቅ ይበጀዋል። ለዚህም 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ጥሩ መነሻ ነው።

ሦስተኛው የኔትወርክ ጉዳይ ነው። አምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ገዢው በሚውልበት ቦታ ከሌለ ለእርሱ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ትርፉ እምብዛም ነው። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ስልክ ደግሞ ለአንድ የስልክ ድርጅት ብቻ የተቆለፈ ከሆነ የአገር ውስጥ ሲም ካርድ አይቀበልም።

አራተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ለጉራጌኛ ጽሕፈት የሚያስፈልጉ 28 ተጨማሪ ፊደላት ግን የገቡት ገና በ2021 ነው። ሥርዓቱ ያልታደሰ ስልክ በእነዚህ ምትክ ባዶ ሳጥን ሊያሳይ ስለሚችል፣ በቋንቋው የተጻፈ መልእክት አስልኮ ማየት ይገባል።

አምስተኛው ጥገና ነው። በከተማው በብዛት የተሸጠ ሞዴል መስተዋቱ ቢሰበር መለዋወጫው በቅርብ ይገኛል። እምብዛም ያልታወቀው ግን ባለቤቱን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ድረስ እንዲፈልግ ያስገድደዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዋጋውን በአገልግሎት ዘመን ማካፈል ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል፣ በ12,000 ብር ተገዝቶ 2 ዓመት የሚያገለግል ስልክ በወር 500 ብር ይፈጃል። በ18,000 ብር ተገዝቶ 4 ዓመት የሚያገለግለው ግን 375 ብር ብቻ ነው። ርካሽ የተባለው ውድ፣ ውድ የተባለውም ርካሽ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ገዢው ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት *#06# በመጻፍ የሚወጣውን ባለ 15 አኀዝ መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ያስተያይ፤ የራሱን ሲም ካርድ አስገብቶ ይደውል፤ የመጨረሻው የደኅንነት ማሻሻያ የተላከበትን ቀን ከስልኩ ላይ ያንብብ፤ ዋስትናውንም በጽሑፍ ይቀበል። ይህን ለመመርመር ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ፈተናውን የማይፈቅድ ሻጭ ሲያጋጥም ግን ሌላ ሱቅ መፈለግ ነው።