ጠበቃው ከመጠራቱ በፊት
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ድርጅቶች የሕግ ክፍል አንድ ነገር እንድንናገር ሲጠይቀን፣ ይህ የተማሩ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ እኛ ስኳርና ዘይት ሻጮች ምን አግብቶን ብለን ነበር። ቀረብ ብለን ስናየው ግን ነገሩ ከዱቤ ደብተራችን ብዙ የራቀ ሆኖ አላገኘነውም። ዱቤ የሚሰጥ ሰው ማን ስንት እንደወሰደና መቼ እንደሚከፍል ካልጻፈ፣ ሱቁ ውስጥ ዕቃ ሞልቶም ይከስራል። ትልልቆቹ ድርጅቶችም የተረዱት ይህንኑ ነው።

የሕግ ክፍል ሲባል ሁላችንም ፊት የሚመጣው ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከረው ሰው ነው። ከእርሱ ጀርባ ግን ሌላ ሥራ አለ። የተፈረመውን ውል ሁሉ የሚመዘግብ፣ የትኛው ውል መቼ እንደሚያበቃ ቀድሞ የሚያስታውስ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚከታተል፣ ከውጭ ለሚቀጠሩ ጠበቆች የሚከፈለውን ሂሳብ የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። ቀድሞ ይህ ሥራ የጸሐፊዋና የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ተብሎ ይናቅ ነበር። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ ኩባንያዎች ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ ባለሙያዎቹም የራሳቸውን ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። እኛ በአማርኛ የሕግ ሥራ አመራር ብንለው የሚያስኬድ ይመስለናል።

ይህ ክፍል እንዴት ከፍ ከፍ አለ ቢባል፣ ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠበቃው የሚያውቀው የያዘውን ጉዳይ ነው፤ መዝገቡን የያዘው ግን ሁሉንም ያውቃል። ሥራ አስኪያጁ «ባለፈው ዓመት ስንት ውል ፈረምን? የትኛው ዓይነት ውል ወደ ክርክር ይወስደናል? ለጠበቃ ስንት ወጣ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያለው እርሱ ዘንድ ነው። በመሆኑም ነገር ከተበላሸ በኋላ ሳይሆን ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት አብሮ እንዲቀመጥ ይጠሩት ጀመር።

በአገራችንም ሕጉ ራሱ ቀን ቆጣሪ ሰው ይፈልጋል። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከሥራ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ 3 ወር ነው፤ የደመወዝ ጥያቄም በ6 ወር ያልፍበታል። እውነት ይዞ ቀኑን ያሳለፈ ሰው ከነእውነቱ ይቀራል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1249 ወጥቶ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ከእንዲህ ያለ ድርጅት አገልግሎት የሚገዛ ባንክ ወይም ፋብሪካ፣ የሚመጣለትን ሂሳብ መስመር በመስመር የሚያይ ሰው ከሌለው እንደ ዕውር ገዢ መሆኑ ነው።

ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ሲስተሙ በመበላሸቱ ደንበኞች በሂሳባቸው የሌለውን ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉ፤ ባንኩ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ማን፣ ስንት ወሰደ፣ ስንት መለሰ የሚለው ተለይቶ ወጣ፤ የመመለሻ ጊዜ ተሰጠ፤ አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ፤ ያልመለሱት ከ500 በላይ ሰዎች ስም ይፋ ሆነ። ፍርድ ቤት የሚሄደው ክስ እኮ ከዚያ ዝርዝር በኋላ የሚመጣ ነው። ዝርዝሩ ባይኖር የትኛው ጎበዝ ጠበቃ ማንን ይከሳል?

አሁን ወደ ገዳሪፍ እንመለስ። እኛ ያለንበት አገር የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። በኸሪፍ፣ ዝናቡ ሲጥል፣ ገበሬው ገንዘብ ይቸግረውና ነጋዴው በሸይል፣ ማለትም ምርቱ ሳይደርስ ገንዘብ በማስቀደም፣ ይሰጠዋል። ቃሉ የሚሰጠው በክረምት፣ ሰሊጡ የሚመዘነው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። በዚህ መካከል ዋጋው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የሰውም ቃል አብሮ ይወጣል ይወርዳል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት አባቶቻችን ሰሊጥ ነግደውም ይሆናል።

ከዚህ ላይ የቋንቋው ነገር ይጨመራል። የምንፈርመው በዓረብኛ ነው። አብዛኞቻችን በገበያ ተናግረን እንግባባለን እንጂ የውል ዓረብኛ አናነብም። አንድ የማኅበራችን አባል ለብዙ ዓመት በተከራየው ሱቅ እንዲህ ሆነ። ውሉ ላይ፣ ተከራዩ መቀጠል ከፈለገ ከማለቁ 3 ወር አስቀድሞ በጽሑፍ ያስታውቅ የሚል አንድ መስመር ነበረበት። ያንን መስመር ያየለት ሰው አልነበረም። ቀኑ አለፈ፤ ባለቤቱ ሱቁን ለሌላ ሰጠ። ገንዘብ አዋጥተን ደኅና ሙሐሚ ቀጠርንለት። ሙሐሚው ውሉን አንብቦ «ከ3 ወር በፊት ብትጠሩኝ ኖሮ አንድ ደብዳቤ ይበቃ ነበር» አለን። ለዚህች ቃል የከፈልነው ደግሞ የሱቁን የስንት ወር ኪራይ ያህል ነው!

ውክልናም እንደዚሁ ነው። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ያለ ቤቱን በወንድሙ በኩል ለማሸጥ የሚፈልግ ሰው ጠቅላላ ውክልና ልኮ ይቀመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2205 ግን ቤት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወረቀቱ ተመላልሶ እስኪስተካከል ገዢው ሌላ ቤት ይገዛል። ይህን ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ከመላኩ በፊት የሚያይ ዓይን ይበቃል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነቱ ሲነሣ ደግሞ የወረቀት ነገር የሕይወት ነገር መሆኑን አየን። ወገኖቻችን በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ሲጎርፉ፣ አንዱ ፓስፖርቱ አሠሪው ቤት ቀርቶበታል፤ ሌላዋ የልጇን የልደት ወረቀትና ኢቃማዋን ጥላ ወጥታለች። ግልባጭ በዘመድ እጅ ያስቀመጠና ምንም የሌለው ሰው በአንድ መኪና መጥተው እኩል አልተስተናገዱም። በታኅሣሥ 2016 ጦርነቱ ወድ መደኒ ሲደርስ እንደገና ይኸው ሆነ።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበራችን እስከ ዛሬ ሕግ ነክ ጉዳይ ሲያጋጥመው ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌ ካቃተው ሙሐሚ ይቀጥራል። ሽማግሌውም ሙሐሚውም ይኑሩ። ነገር ግን መዝገብ የሚይዝ ሰው ይመደብ፤ ያም ሰው ከሥራ አስፈጻሚው ጋር ይቀመጥ፤ ማኅበሩ አዳራሽ ሲከራይ፣ ዕቃ ሲገዛ፣ ለአባል ዋስ ሲሆን ከመፈረሙ በፊት ይጠየቅ። ለጠበቃ በየዓመቱ የምናወጣውንም ለጠቅላላ ጉባኤው በቁጥር ያቅርብ። ምን ዓይነት ጉዳይ እየደጋገመ እንደሚያከስረን ያኔ እናውቃለን። አሁን የምናውቀው በወሬ ነው።

አንዳንድ አባቶች «የሰው ምስጢር በአንድ ሰው እጅ ሊገባ ነው» ሲሉ ሰምተናል። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ የስደተኛ ወረቀት በማይገባው እጅ ከገባ ባለቤቱን ይጎዳል። ስለዚህ ፓስፖርትም ሆነ ውል ዋናው ከባለቤቱ እጅ አይውጣ እንላለን። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው የወረቀቱ ዓይነትና የሚያበቃበት ቀን ብቻ ይሁን። ግልባጭ ማስቀመጥ የፈቀደ አባል በታሸገ ፖስታ፣ በሁለት ቁልፍ በሚከፈት ሣጥን ያስቀምጥ፤ ሁለተኛ ግልባጭ ከሱዳን ውጭ ባለ ዘመዱ ዘንድ ቢኖረው ይበልጥ ይጠቅመዋል። ሥራው ደመወዝ ይጠይቃል የሚለውም እውነት ነው። እኛ ነጋዴዎች ለመጀመሪያው ዓመት ተዋጥተን ለመክፈል ተስማምተናል፤ ከዚያ በኋላ ጉባኤው ያየውና ይወስን።

እስከዚያው ድረስ የሱቅም፣ የቤትም፣ የሥራም ውል ያላችሁ ዓርብ ዓርብ ከቀትር በኋላ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ይዛችሁ ኑ። የዓረብኛ ጽሑፍ አጥርተው የሚያነቡ ሁለት ልጆቻችን በነፃ ሊያዩላችሁ ፈቃደኞች ሆነዋል። በመጀመሪያ የሚያወጡላችሁ ውሉ የሚያበቃበትን ቀንና ከዚያ በፊት ማስታወቅ ያለባችሁ ነገር ካለ እርሱን ነው። የአዳራሹ የራሱ የኪራይ ውልም በመጀመሪያው ዓርብ ይነበባል።