አሮጌው በር ሳይዘጋ አዲሱ ይከፈት

(ስለ ሠፈራችን የፎቶግራፍ ድረ ገጽ እድሳት በነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ውሃም፣ ስለ መንገድም፣ ስለ ጥበቃም አይደለም። ስለ ፎቶግራፎቻችን ነው። «ይሄም ስብሰባ ይጠራበታል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እኛም ባለፈው ዓመት እንዲሁ ብለን ነበር። ነገሩ ግን እንዳሰብነው ቀላል ሆኖ አላገኘነውም።

እንደምታውቁት ማኅበራችን ጫሞን ቁልቁል የሚያየውን የሠፈራችንን ኑሮ በፎቶግራፍ እያስቀረ በድረ ገጽ ላይ ሲያኖር ቆይቷል። የመስቀል በዓል አለ፤ ሠርግ አለ፤ የለቅሶ ድንኳን አለ፤ ጀልባቸውን ወደ ሐይቁ የሚገፉ ዓሣ አስጋሪዎች አሉ። በሸማ ሥራ ሽሮ ሜዳ የሰነበቱ ልጆቻችን፣ ከዚያም አልፈው ባሕር ማዶ ያሉት፣ ሠፈራቸውን የሚያዩት በዚሁ ነው።

እንግዲህ ጥፋታችንን እንናገር። ባለፈው ዓመት «ድረ ገጹ አርጅቷል፣ በስልክ በደንብ አይታይም» ተባለና በአንድ ሌሊት ሁሉን አፍርሰን በአዲስ ተካነው። ሲነጋ አማረ። አጨበጨብን። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት እናታችን ከቢሯችን መጡ። በእጃቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል። በወረቀቱ ላይ የልጃቸው ፎቶግራፍ ያለበት አድራሻ ተጽፏል። ልጁ ለሥራ እንደ ወጣ ሩቅ አገር ያረፈ ነው። በመስቀል ዕለት የተነሣት ያቺ ፎቶግራፍ ካልሆነች በቀር ሌላ የላቸውም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የጎረቤት ልጅ በስልኩ ይከፍትላቸው ነበር። ያን እሑድ ግን «የፈለጉት ገጽ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ብቻ መጣ። እናታችን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው «ልጄን የት አደረጋችሁት?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ፎቶግራፉ እኮ አልጠፋም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። የጠፋው ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው። ለእኚህ እናት ግን መንገዱ ጠፋ ማለት ልጃቸው ዳግም ጠፋ ማለት ነው። ከብዙ ሺህ ፋይል ውስጥ ፈልገን እስክናገኘው ሁለት ሳምንት ፈጀ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው በእኛ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ ነው ኮምፒውተር የተማሩትን የሠፈራችንን ልጆች ሰብስበን የጠየቅነው። የኮሚቴው አባላት አብዛኞቻችን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያለፍን ስላልሆንን፣ ልጆቹ በሚገባን ቋንቋ በትዕግሥት አስረዱን። የገባንንም ለእናንተ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አንድ ገጽ ሁለት ነገር አለው። አንዱ በውስጡ ያለው ፎቶግራፍና ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው አድራሻው ነው። ፎቶግራፉን የምናስቀምጠው እኛ ነን፤ አድራሻው ግን ከወጣ በኋላ የእኛ ብቻ አይደለም። አንዱ በደብተሩ ጽፎታል፣ አንዱ ለእኅቱ ልኮታል፣ አንዱ በሙት ዓመት መታሰቢያ ወረቀት ላይ አሳትሞታል። ያን ሁሉ ወረቀት ከየቤቱ ሰብስቦ ማረም አይቻልም። ስለዚህ መጠበቅ ያለበት አድራሻው ነው። ገጹ የግድ ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረም፣ በአሮጌው አድራሻ የመጣውን ሰው ሳያውቀው ወደ አዲሱ የሚያደርስ ትእዛዝ ይጻፋል። ልጆቹ የጠፋውን ገጽ «404»፣ ለዘለቄታው የተዛወረውን «301» በሚል ቁጥር ይጠሩታል። እኛ ያን ሌሊት 301 ሳንጽፍ ነው 404 ያተረፍነው።

ይህ ችግር የእኛ የአርባ ምንጭ ብቻ አይደለም። ያሁ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ጂኦሲቲስ ይባል የነበረውን፣ ተራ ሰዎች የየራሳቸውን ገጽ የሠሩበትን ትልቅ መንደር፣ ከጃፓኑ በቀር በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ዘግቶታል። በጎ ፈቃደኞች ተሯሩጠው ብዙውን ገልብጠው ቢያተርፉትም፣ የቀድሞው አድራሻ ለባለቤቶቹ አልሠራም። በሌላ በኩል ደግሞ መልካም ምሳሌ አለ። የዓለም የመጀመሪያው ድረ ገጽ በስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም የተሠራ ነው። ሠሪው ቲም በርነርስ ሊ ይባላሉ። እኚሁ ሰው በ1998 እ.ኤ.አ. መልካም አድራሻ የማይለወጥ ነው ብለው ጽፈዋል። ሰርንም ያን የመጀመሪያ ገጽ በ2013 እ.ኤ.አ. በቀድሞው አድራሻው መልሶ አቁሞታል። ትልቁ ተቋም ለአሮጌ አድራሻ ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ እኛ ለአንዲት እናት ወረቀት አንጨነቅም?

«እንግዲያው አሮጌው እንዳለ ይቆይ፣ አትንኩት» የሚል አሳብ ከአንዳንድ ነዋሪዎች ቀርቧል። ይህም አያዋጣም። ሳይነኩት ዝም ብለው ቢተዉትም ይበላሻልና። ለምሳሌ ፎቶግራፎቹን በተርታ የሚያሳየው የድሮው ክፍል ፍላሽ በሚባል ነገር የተሠራ ነበር። ባለቤቱ አዶቢ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ፍላሽን መደገፍ አቁሟል። እኛ ምንም ሳናጠፋ ያ ክፍል ባዶ ሣጥን ሆኖ ቀረ።

ሌላው ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፊደሎች ይጻፍ ነበር። ያ ፊደል በሌለበት ስልክ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይወጣል። ከአሮጌ ፎቶግራፎቻችን ሥር ያለው የአባቶቻችን ስም ዛሬ እንዲያ ሆኖ ነው የሚታየው። ሰውየው ፊት ለፊት ቆሟል፣ ስሙን ግን ማንም አያነበውም።

ስም የሌለው ፎቶግራፍ ምን ማለት እንደሆነ ከራሳችን ታሪክ እንይ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ በወገኖቻችን ላይ ጥቃት ከደረሰ በኋላ፣ እዚሁ አርባ ምንጭ ወጣቱ ተቆጥቶ ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም ሣሩን አክብሮ ተመለሰ። ያ ፎቶግራፍ በአገሩ ሁሉ ታየ። ቀኑ፣ ቦታውና ምክንያቱ ከሥሩ ከጠፋ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያየው ልጅ ሣር የያዙ ሽማግሌዎችን ብቻ ነው የሚያየው። ለምን እንደ ተንበረከኩ አያውቅም።

ታዲያ ሁሉን አፍርሶ መሥራትም ጉዳት፣ ዝም ማለትም ጉዳት ከሆነ መንገዱ ምንድን ነው? የዶርዜን ቤት ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ቀርከሃው ከሥር በምስጥ ሲበላ ባለቤቱ ቤቱን አያፈርሰውም። የተበላውን ይቆርጣል፤ ቤቱ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ በሩ ይስተካከላል፤ ቤተሰቡ ግን እዚያው እሳቱን እያነደደ ይኖራል። አንድ ቤት እንዲህ እየተደረገ የሰው ዕድሜ ያህል ይቆያል። እኛም የተበላውን እየለየን፣ ሰው እየኖረበት እናድሳለን።

ስለዚህ ኮሚቴው ከልጆቹ ጋር መክሮ የሚከተለውን ወስኗል።

1ኛ/ ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም አሮጌ አድራሻ በመዝገብ ይያዛል። መዝገቡ ላይ ሳይሰፍርና ወደ አዲሱ የሚያደርሰው ትእዛዝ ሳይጻፍ ምንም ገጽ አይዛወርም።

2ኛ/ እድሳቱ በወር አንድ አልበም ብቻ ይሆናል። የሚጀመረውም ብዙ ሰው ከማያየው ነው፤ ብንሳሳት ጉዳቱ ትንሽ እንዲሆን። የታደሰው በአዲስ ስልክም በአሮጌ ስልክም ተከፍቶ ሳይሞከር ወደሚቀጥለው አይታለፍም። የለቅሶና የመታሰቢያ ገጾች፣ እጃችን ከለመደ በኋላ፣ በመጨረሻ ይሠራሉ።

3ኛ/ ዋናው ፎቶግራፍ አይነካም። ጄፔግ የሚባለው የፎቶግራፍ ዓይነት ተከፍቶ እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። በመሆኑም ለስልክ የሚሆነው ትንሹ ከዋናው ተገልብጦ ለብቻ ይዘጋጃል። 4 ሜጋባይት የሚመዝን አንድ ፎቶግራፍ ለስልክ ወደ 200 ኪሎባይት ቢወርድ፣ አንዱን በምናይበት የኢንተርኔት ሒሳብ ሃያ ያህል እናያለን ማለት ነው። ይህ ለኪሳችን ቀላል ነገር አይደለም።

4ኛ/ ዌብፒ እንደሚባለው ያለ አዲስና ቀላል ዓይነት ሲጨመር ጄፔጉ አብሮ ይቀመጣል። አዲሱን የሚያውቅ ስልክ አዲሱን ይወስዳል፣ የማያውቅ አሮጌውን ያገኛል። አሮጌ ስልክ የያዘ ሰው ከሠፈሩ አይባረርም።

5ኛ/ የተበላሸው ጽሑፍ ሁሉ በዩኒኮድ እንደገና ይጻፋል። ስም፣ ቦታና ቀን ይሟላል።

6ኛ/ ቤተሰብ «ይህ ፎቶግራፍ ይነሣልን» ቢል ይነሣል። በአድራሻው ላይ ግን «በቤተሰብ ጥያቄ ተነሥቷል» ተብሎ ይጻፋል። ሰው የሚፈልገው ነገር የት እንደ ደረሰ ማወቅ አለበት።

7ኛ/ ከሁሉም ሦስት ቅጂ በሦስት ቦታ ይኖራል፦ አንዱ በቢሮው ኮምፒውተር፣ አንዱ በሌላ ቤት በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ራቅ ባለ ሰርቨር። የይለፍ ቃሉም በአንድ ልጅ ጭንቅላት ብቻ አይቀርም። በታሸገ ፖስታ ከማኅበሩ ገንዘብ ሣጥን ይገባል።

ከእናንተ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የድረ ገጹ ስም በየዓመቱ ክፍያ አለው፤ ካልተከፈለ ስሙ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም አድራሻ በአንድ ቀን ይሞታል። ስለዚህ ከወርኃዊ መዋጯችን ላይ ለዚህ ተለይቶ እንዲቀመጥ ድምፅ እንድትሰጡበት። ሁለተኛ፣ በቤታችሁ አድራሻ የተጻፈበት አሮጌ ወረቀት፣ ደብተር ወይም የመታሰቢያ ካርድ ካለ ይዛችሁልን እንድትመጡ፤ አይተን እንመልሳለን። ሦስተኛ፣ አባቶችና እናቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮው ጎራ ብላችሁ በፎቶግራፎቹ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም እንድትነግሩን። ይህን ሥራ ከእናንተ በቀር የትኛውም ኮምፒውተር አይሠራውም። ዛሬ የምታውቁትን ስም ነገ የሚነግረን ላይኖር ይችላል።

በመጨረሻም ስለ እናታችን ወሬ የጠየቃችሁን ነበራችሁ። የልጃቸው ፎቶግራፍ ተገኝቶ ቦታው ተመልሷል። ከልጆቹ አንዱ አዲስ አድራሻ ሊጽፍላቸው ብዕር ሲያወጣ ከለከልነው። ያችው አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት መሥራት አለባት አልን። አሁን ትሠራለች። እሑድ እሑድም ይከፈትላቸዋል።



የማኅበሩ ጸሐፊ፣
ስለ ኮሚቴው