ያልተጫወትነው ጨዋታ መመሪያ
(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኘት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «አሥራ አምስት ደቂቃ አለሽ፣ የፈለግሽውን ተናገሪ» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሥራችን ችግር ልናገር ነበር። ከዚያ ደግሞ ስለ እሱ ምሳ ላይም፣ ቡና ላይም እናወራለን አይደል? ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ አሮጌ የቪዲዮ ጌም መጽሔት ልነግራችሁ ነው። አትሳቁ! መጨረሻው ሕክምና ላይ ነው የሚያርፈው።

አክስቴ ጂዳ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ በ1987 ዓ.ም. ወደ መርሳ ተመለሰች። ሐብሩን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በእኛ ወረዳ ዐረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት መፈለግ ያስቸግራል። ሻንጣዋ ሲከፈት ቤቱን ሽቶ ሸተተው። ከልብሱ መሃል የሻይ ብርጭቆዎች ወጡ፤ እያንዳንዱ ብርጭቆ በሚያብለጨልጭ ባለቀለም ወረቀት ተጠቅልሏል። ጎረቤቱ ብርጭቆውን ሲያደንቅ እኔና ታናሽ ወንድሜ መጠቅለያውን እየለቀምን በመዳፋችን እየዳመጥን አስተካከልን። 23 ገጽ ሆነ። ሽፋን የለውም፤ የመጽሔቱን ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም።

አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። የአሠሪዎቿ ልጆች የጣሉትን ነው ያመጣችው። «ምን ይላል?» አለችኝ። እኔ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነኝ፤ እየተንተባተብኩ «ጌም እንዴት እንደሚጫወቱ የሚያስተምር ነው» አልኳት። «ለጨዋታም ትምህርት አለው እንዴ! ልጆቹ ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክለው ሲጯጯሁ የተጣሉ ይመስለኝ ነበር» ብላ ሳቀች። ቀስ ብላ ደግሞ «እንግዲያስ አንብቢው፣ ደክሜ ያመጣሁት ነው» አለችኝ። ብርጭቆውን ለማለት ነው እንጂ ወረቀቱን አልነበረም። እኔ ግን ወረቀቱን ነው ብዬ ወሰድኩት።

ለልጆቻችሁ ስትነግሩ እንዲመቻችሁ እነዚያ መጽሔቶች ምን እንደነበሩ ላስረዳ፤ እዚህ ላይ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ብሪታንያ ውስጥ «ኮምፒዩተር ኤንድ ቪዲዮ ጌምስ» በ1981፣ ጃፓን ውስጥ «ፋሚትሱ» በ1986፣ አሜሪካ ውስጥ «ኒንቴንዶ ፓወር» በ1988 መታተም ጀመሩ። ዘጠናዎቹ የእነሱ ወርቃማ ዘመን ነበሩ። አንድ ልጅ ጌሙ መሃል መንገዱ ቢጠፋው ዛሬ እንደምናደርገው ስልክ አውጥቶ አይፈልግም፤ የሚቀጥለው ወር መጽሔት እስኪመጣ ይጠብቃል። ያኔ የስክሪንን ምስል በቀላሉ መቅዳት ስለማይቻል አዘጋጆቹ ክፍሉን አጨልመው የቴሌቪዥኑን መስታወት በካሜራ ፎቶ ያነሱ ነበር። ካርታ የሚሠሩት ደግሞ እነዚያን ፎቶዎች ጎን ለጎን እየቀጣጠሉ ነው። ጽሑፉ ታትሞ ገበያ እስኪደርስ ሳምንታትና ወራት ስለሚያልፉ «ትኩስ ወሬ» የሚባለውም ሲነበብ በርዷል።

በዚያው ዘመን እኛም አገር የመጽሔት ዘመን ነበር። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ «ጦቢያ»ን የመሳሰሉ መጽሔቶች ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ወልድያ ይደርሱና አንዱ ቅጂ ከአስተማሪ ወደ አስተማሪ እየተላለፈ ጠርዙ እስኪበላ ይነበብ ነበር። የታተመ ነገር ክብር ነበረው። «መጽሔት ላይ ወጥቷል» ከተባለ ክርክር አለቀ። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እኔና ወንድሜ 23ቱን ገጽ በአንድ ክረምት ጨረስነው። ጌሙን አይተነው አናውቅም። መርሳ ላይ እኛ የምናውቀው ጨዋታ ገበጣ፣ ብይና የጨርቅ ኳስ ነው። ነገር ግን በየትኛው በር ተገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ፣ የትኛው ጠላት ከየት እንደሚመጣ በቃላችን ያዝን። ከትምህርት ቤት የተዋስነው መዝገበ ቃላት ነበረን። እኔ እተረጉማለሁ፣ ወንድሜ በጓሮው የብርቱካን ዛፎች መሃል ይተውነዋል።

ከሁሉም አንድ ገጽ ነበረች፣ ምስጢር የያዘች። ጌሙ «ስትሪት ፋይተር ቱ» ይባላል። ሪዩ የተባለውን ተፋላሚ ይዘህ አንድም ሳትመታ መጨረሻው ባላጋራ ዘንድ ብትደርስ፣ ከእሱም ጋር ሳትማቱ 10 ዙር አቻ ብትወጡ፣ ሼንግ ሎንግ የተባለ የተደበቀ መምህር ብቅ ይላል ትላለች። እኔ ግን አቻ መውጣትን አላወቅኩም። «ድሮው» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላቱ ላይ ስፈልግ መጀመሪያ ያገኘሁት «ሥዕል ሣለ» የሚለውን ነው። ስለዚህ ለወንድሜ «አሥር ጊዜ መሣል አለብህ» አልኩት። «በምን?» አለኝ። «እዚያ ስትደርስ ይታወቃል» አልኩት። በሙሉ ልብ ነው ታዲያ! ሰው የማያውቀውን ሲያስረዳ ድምፁ እንዴት እንደሚጎላ እናንተም ታውቁታላችሁ።

መስከረም ሲጠባ እናታችን ለሁለታችን ደብተር መግዣ ሰጥታን ማክሰኞ ገበያ ወልድያ ሄድን። ከመርሳ በስሪንካ አድርጎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወልድያ አንድ ቪዲዮ ቤት ሴጋ አስገብቷል መባሉን ሰምተናል። ሒሳቡ በደቂቃ ነው። ወንድሜ ገባ፤ እኔ ሴት ልጅ ስለሆንኩ በር ላይ ቆሜ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው መጫወቻውን የጨበጠው። መጨረሻው ባላጋራ ዘንድ መድረስ ቀርቶ የመጀመሪያውንም አላለፈም። ግን ደጋግሞ ከፈለ። ተመቶ በወደቀ ቁጥር ወደ እኔ ዞሮ «መሣያው የት ነው?» ይለኛል። የደብተሩ ገንዘብ እዚያው አለቀ።

እናታችን የገረፈችው እሱን ነው። «መጽሔቱ ላይ አለ ያልኩት እኔ ነኝ፣ የተረጎምኩትም እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አክስቴ ከጂዳ ካመጣችው ገንዘብ ደብተር ተገዛልን፤ ነገሩም ተዘጋ። እኔ ውስጥ ግን አልተዘጋም።

በ1992 ጎንደር ገባሁ። አብረን የነበርን ታስታውሳላችሁ፣ ስንገባ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር፣ ስንወጣ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ጠበቀን። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ወፍራሙን የውስጥ ደዌ መጽሐፍ ስከፍት አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ይህ እኮ የእኛ 23 ገጽ ነው! «ሲቲ ስካን አድርግ፣ ኤምአርአይ አድርግ፣ ይህን ለካ፣ ያንን አረጋግጥ» ይላል። እኔ እስክመረቅ ድረስ ኤምአርአይ በዓይኔ አላየሁም። ያላየነውን መሣሪያ ምስል እያነበብን፣ የሌለንን ምርመራ ቅደም ተከተል እየሸመደድን ነው ያደግነው። ይህን ለሐሜት አይደለም የምለው። መምህራኖቻችን መጽሐፉ ካለበት ዓለም እኛ ወዳለንበት ዋርድ ሲተረጉሙልን ነበር፤ በእጅ መዳሰስን፣ በጆሮ ማዳመጥን፣ በዓይን ማስተዋልን። ጥሩ አስተማሪ ማለት ለእኔ ጥሩ ተርጓሚ ነው።

ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት በኋላ፣ የት እንደሆነ ልተወው፣ አንዲት የገጠር እናት ተቅማጥ የያዘውን ልጇን አቅፋ መጣች። ሕፃኑ ዓመት አልሞላውም። ብዙ አልደረቀም፤ ኦአርኤስ ሰጥቼ ልሸኛት ወሰንኩ። «አንዱን ከረጢት በአንድ ሃይላንድ ውኃ በጥብጪ» አልኳት። ውጭ የተሰለፈው ሕዝብ ብዙ ነው፣ እሷም «እሺ» ብላለች። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ተቅማጡ ቀንሷል፤ ሕፃኑ ግን ይነጫነጫል፣ ውኃ ሲያይ ይንሰፈሰፋል፣ ቆዳው ሊጥ ሆኗል።

«በምን በጠበጥሽው?» አልኳት። ከነጠላዋ ስር ሃይላንዱን አወጣች። ግማሽ ሊትሩ ነው።

እንግዲህ ሐኪም ለሆናችሁ ሒሳቡን መንገር አያስፈልግም፤ ላልሆናችሁት ግን ልንገር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከፈረንጆቹ 2002 ጀምሮ የሚመክሩት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ሲበጠበጥ 75 ሚሊሞል ሶዲየም ይይዛል። በግማሽ ሊትር ሲበጠበጥ 150 ይሆናል። ሕፃኑ ያንን ለሦስት ቀን ጠጥቷል። የሚያድነው ነገር ጨው ሆኖበታል። የእናቲቱ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? በአንድ ሃይላንድ አልኩ፣ በአንድ ሃይላንድ በጠበጠች። እኔ ሳወራ የታየኝ ትልቁ ነው፣ እሷ ቤት ያለው ትንሹ ነው። «አሥር ጊዜ መሣል አለብህ» ያለችው ልጅ ጋውን ለብሳ ተመልሳ መጣች።

ሕፃኑ ዳነ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሶዲየሙን ቀስ ብለን ነው ያወረድነው፤ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። እናቲቱ ስትወጣ እጄን ይዛ መረቀችኝ። በዚያን ጊዜ ግን ዝም አላልኩም። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አነጋገሬ ነው ያሳሳተሽ» አልኳት። «አብሽሪ» አለችኝ፣ እኔን ልታጽናና! ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ባለአንድ ሊትር ዕቃ አስቀምጣለሁ። እናት «እሺ» ስትለኝ አልሸኛትም፤ «እስኪ ቤት ስትገቢ ምን እንደምታደርጊ አንቺ ንገሪኝ» እላታለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

አሁን ወደ ሼንግ ሎንግ ልመለስ። ዓምና መርሳ ሄጄ የወንድሜ ልጅ ስልኩ ላይ ጌም ሲጫወት አገኘሁት። ያንን ስም ጠርቼ «ታውቀዋለህ?» ብለው ሳቀብኝ። «አክስቴ፣ እሱ እኮ የውሸት ነው!» ታሪኩን ከፍቶ አሳየኝ። ጌሙ ከጃፓንኛ ሲተረጎም የአንድ ምት ስም የሰው ስም መስሎ ተተረጎመ። ጃፓንኛው ይህን ምት ካላሸነፍክ አትረታም የሚል ነበር፤ እንግሊዝኛው ግን ሼንግ ሎንግ የሚባል ሰው ያለ አስመሰለው። «ኤሌክትሮኒክ ጌሚንግ መንዝሊ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1992 እትሙ፣ ለቀልድ ቀኑ ብሎ፣ ይህን ሰው ማግኛ ዘዴ ፈጥሮ አወጣ። ሌሎች መጽሔቶች እውነት መስሏቸው ቀዱት። የዓለም ልጆች ሁሉ ሳንቲማቸውን ጨረሱ። የእኔና የወንድሜ ደብተርም እዚያ ውስጥ አለ ማለት ነው።

አያችሁ? አንድ የተሳሳተ ትርጉም፣ ከዚያ አንድ ቀልድ፣ ከዚያ «መጽሔት ላይ ወጥቷል» የሚል እምነት፣ በመጨረሻ ወልድያ ላይ አንድ የተገረፈ ልጅ። ዛሬ ታካሚዎቻችን ስልካቸው ላይ ያዩትን መድኃኒት ይዘው ሲመጡ የምንቆጣቸው ነገር፣ እኛም በኅትመት ዘመን ያለፍንበት ነው። ቁጣ አያድንም። ከየት እንደመጣ አብሮ ማየት ነው የሚያድነው።

እነዚያ 23 ገጾች ዛሬ የሉም። እናቴ ቤት በካርቶን ነበሩ፣ ከጎንደር ደብተሮቼና ከምረቃ መጽሔታችን ጋር። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ሲደርስ ቤተሰቤ ባዶ እጁን ነው የወጣው። ስንመለስ ካርቶኑ አልነበረም። ከሞተው ሰው፣ ከተዘረፈው ንብረት ጋር ወረቀት ማንሳት ያሳፍራል፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አልተናገርኩትም። ግን የምረቃ መጽሔቱ ላይ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ጓደኞቻችን የጻፉት የመጨረሻ ቃል ነበር። የጌም ወዳጆች እንኳ አሜሪካ ውስጥ በ2017 ድርጅት አቋቁመው፣ በጥር 2025 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከ1,500 በላይ የድሮ መጽሔት እትሞችን ለሁሉም ክፍት አድርገዋል። ለጨዋታ ይህን ያህል ከተደከመ ለእኛስ?

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛው ለማኅበሩ አባላት ነው፤ የምረቃ መጽሔት፣ የዋርድ ፎቶ፣ ሃንዳውት፣ የተማሪዎች ጋዜጣ፣ ቤታችሁ ያለውን አትጣሉት። ለሚቀጥለው መገናኛችን ይዛችሁ ኑ፣ ስካን እናድርገው። ሁለተኛው ለመምህራኖቻችን ነው፤ ተማሪውን ስትፈትኑ መድኃኒቱን በትክክል ማዘዙን ብቻ አትዩ። ታካሚዋ በራሷ ቋንቋ መልሳ እስክትነግረው ድረስ ነጥብ አትስጡት። እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ልጅ ሕይወት ነው፤ እነሱ በፈተና ቢማሩት ይሻላል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ቀን መርሳ ላይ ለወንድሜ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ልጁ እየሰማ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኩት። ትርጉሙንም፣ ዝም ማለቴንም። ሻዩን አስቀመጠና አየኝ።

«እታለም፣» አለኝ፣ «ሦስተኛው ላይ እኮ ነቅቼብሽ ነበር። ግን አንቺን ባምንሽ ነው ገንዘቡን እስከ መጨረሻ የምጫወትበት።»