ከፍ ያለ መንገድ ለፒያሳ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ረጃጅም ሕንጻዎችን ከመሬት በላይ የሚያገናኝ የእግረኛ መንገድ ለአዲስ አበባዋ ፒያሳ ይበጃል? የዛሬው ጥያቄያችን ነው።

ከፍ ያለ መንገድ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ የተዘረጋው ቀላል ባቡር በስታዲየምና በልደታ መካከል በኮንክሪት አምዶች ላይ ይሄዳል። ሕንጻን ከሕንጻ ማገናኘት ግን ሌላ ሥራ ነው።

ፒያሳን ለዚህ ምቹ የሚያደርጋት ተዳፋቷ ነው። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የወረደ ቁልቁለቱን ያውቀዋል። እዚያ አግድም የተዘረጋ ድልድይ ከላይኛው ሕንጻ መግቢያ ተነሥቶ፣ አንድ ደረጃ ሳያስወጣ፣ የታችኛው ሕንጻ ፎቅ ላይ ይደርሳል። ለአረጋውያንና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ትልቅ እፎይታ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የመጀመሪያው ፈተና ንዝረት ነው። ረጃጅም ሕንጻዎች በነፋስና በርዕደ መሬት ይወዛወዛሉ፤ እያንዳንዱም በራሱ መጠን። ሁለቱን አጥብቆ ያሰረ ድልድይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ የኳላ ላምፑርን የፔትሮናስ መንትያ ሕንጻዎች በ41ኛና በ42ኛ ፎቅ የሚያገናኘው ድልድይ ጫፎቹ እንዲንሸራተቱ ተደርጎ ተሠርቷል። በ2017 ዓ.ም. የአፋሩ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷልና ይህ ጥንቃቄ እኛንም ይመለከታል።

ሁለተኛው ፈተና ባለቤትነት ነው። በሕንጻዎች ውስጥ ብቻ የሚያልፍ መንገድ ሕንጻው ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። በ2016 ዓ.ም. ነባር መንደሮቿ በፈረሱባት ፒያሳ፣ አዲሱ ንድፍ ከሁሉ በፊት ለእግረኛው ሊቆም ይገባል፦ ከመንገድ ዳር በቀጥታ የሚወጣበት፣ ጀብሎውም ተማሪውም ያለ ከልካይ የሚያልፍበት የሕዝብ መንገድ ይሁን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)