ስለ ቆርቆሮ ክዳን፤ ሐሩርንና ብርድን ስለ መከልከል



ቤት የሚሠራው ዝናምን ለመከልከል ብቻ አይደለም፤ የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ብርድም ለመከልከል ነው እንጂ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተመሠረተች ወዲህ ቆርቆሮ ከከተማ ወደ ገጠር እየተስፋፋ ሄዶ የሣሩን ክዳን በብዙ ስፍራ ተክቶታል። ቆርቆሮ ዝናም አያስገባም፤ እሳትም እንደ ሣር አይበላውም፤ ስለዚህ የመረጠው ሰው አልተሳሳተም። ነገር ግን ሣሩ ሲወርድ ሳይታወቅ አብሮ የወረደ አንድ ጥቅም አለ፤ ይኸውም በሣሩ መካከል ተይዞ ይኖር የነበረው አየር ነው።

የዚህ ነገር ምክንያት በጋቢ ይታወቃል። ጋቢ ከነጠላ ይልቅ የሚያሞቀው የራሱ ሙቀት ኖሮት አይደለም፤ በድርቡ መካከል የረጋ አየር ስለሚይዝ ነው። የረጋ አየር ሙቀትን በጭንቅ ያሳልፋል፤ ብረት ግን ከእርሱ ከ1000 እጥፍ በላይ ያሳልፋል። ስለዚህ ቆርቆሮ በቀትር ግሎ ሙቀቱን በተማሪዎች ራስ ላይ ያወርዳል። ሰማይ በጠራ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ የቤቱም እንፋሎት ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ልጁ በሐሩር ሲያንቀላፋ ሰነፍ ይባላል፤ እናቱም ሌሊት ቤቱን ለማሞቅ ብዙ እንጨት ትማግዳለች።

መድኃኒቱ ቆርቆሮውን ማውረድ ሳይሆን የጠፋውን አየር መመለስ ነው። በመጀመሪያ የቆርቆሮው ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን፤ ውሃ ከረጋ አየር ይልቅ ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያሳልፋልና የራሰ ጭድ አይጠቅምም። ሁለተኛ፣ እንጨቱ ክብደቱን ይችል እንደ ሆነ በአናጢ ከታየ በኋላ፣ ከወራጁ በታች የሸንበቆ ወይም የቀርከሃ ኮርኒስ ይመታ። ሦስተኛ፣ በበጋ ወራት፣ በስስ ጭቃ የተለወሰ ጭድ በኮርኒሱ ላይ አራት ጣት ያህል ይነጠፍና ይድረቅ፤ ጭቃው እሳትን ያዘገያል። አራተኛ፣ ከጭዱና ከቆርቆሮው መካከል ባዶ ስፍራ ይቅር፤ በሁለቱም ወገን አይጥ በማያስገባ ሽቦ የተሸፈነ የነፋስ መተላለፊያ ይበጅ። እሳት በሚነድበት ቤት ግን አስቀድሞ የጢስ መውጫ ሳይሠራ ኮርኒስ አይመታ፤ ጢሱ በቤተ ሰቡ ላይ ይታፈናልና።

ይህ ሥራ ሌላም ትርፍ አለው፤ በክረምት ዝናሙ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የመምህሩን ቃል እንዳይውጠው ድምፁን ያለዝባል።

ሁለት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት አስቀድሞ አንዱን ብቻ ያሠራ። ከዚያም በቀትር ሽማግሎቹ በሁለቱ ክፍሎች ተራ በተራ ይቀመጡ፤ የሁለተኛውን ክፍል ሥራ የሚወስነው የእነርሱ ምስክርነት ይሁን።